ወደ ታች የሌለበት ሜዳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የትምህርት ቤቱ መምህራን ተሰብስበው ፊሽካ ሸለሙኝ። የሚያብረቀርቅ፣ ቀይ ገመድ የተንጠለጠለበት፣ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ፊሽካ። አመስግኜ ተቀበልሁ። ምን ልበል? ወጣቶቹ መምህራን የስፖርት መምህር ያለ ፊሽካ ምኑን ስፖርት መምህር ሆነ ብለው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙት ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሣጥኑን ከፈተችና ሳቋ አመለጣት።

«ላንተ? ፊሽካ?» አለች። «ቢያማክሩኝ ኖሮ አንድ ቁና ገብስ ይግዙለት እላቸው ነበር!»

ባለቤቴ የደባርቅ ልጅ ናት። ፊሽካ ከነፋሁ ስንት ዘመን እንዳለፈኝ ታውቃለች፤ የገብሱንም ነገር ታውቃለች። እናንተ ግን ስለማታውቁት ከመነሻው ልንገራችሁ።

ደባርቅ የተመደብሁት በደርግ ዘመን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ገበሬውንም ባልቴቷንም ደብተር ባስያዘበት ሰሞን ነው። የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝና ዳገት አውቃለሁ ብዬ ነበር። አላውቅም ኖሯል። ደመወዜ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ለአንድ ካፖርት ይበቃ ነበር፤ ካፖርቱ ግን ከሁሉ ይቀድማል። በኅዳር ደባርቅ ያደረ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

በማሠልጠኛ ያስተማሩን የኳስ ሥልጠና ሠልፍ ነበር። ልጆቹን በረድፍ ታቆማለህ፣ ፊሽካ ትነፋለህ፣ አንዱ መትቶ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ሌላው ይመጣል። አሠልጣኝ ማለት ድምፁ የሚሰማ ሰው ነው ተብለን ነው የወጣነው። የኔ ድምፅ ደግሞ ፈጣሪ አብዝቶ የሰጠኝ ነው። ሜዳ ቆሜ ስጣራ ገበያ ያለ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ይነሳል እያሉ ያሙኝ ነበር። እኔም ሐሜቱን እንደ ምስጋና ነበር የምቆጥረው።

የትምህርት ቤታችን ሜዳ ተዳፋት ነበር። ትንሽ ዘንበል ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ተዳፋት ነው። ልጆቹ ራሳቸው «ላይኛው ጎል»፣ «ታችኛው ጎል» ነበር የሚሉት። ከላይኛው ጎል አፍ ላይ ኳስ ካመለጠች ማንም ሳይነካት ታችኛው ጎል ትደርሳለች። እዚያም ካልቆመች ከባሕር ዛፉ አልፋ ገደል ትገባለች፤ ያን ጊዜ ሥልጠናው ቀርቶ ኳስ ፍለጋ ይሆናል።

ሌላ መምህር ቢሆን ያማርር ነበር። እኔ ግን ተዳፋቱን እንደ ሀብት ያዝሁት። ሁለት ቃል አወጣሁ። «ወደ ላይ!» ካልሁ አጥብቀህ ምታ፣ ዳገቱ ይበላዋልና። «ወደ ታች!» ካልሁ ነካ አድርገህ ልቀቀው፣ ቀሪውን ተዳፋቱ ይወስደዋል። ልጆቹ ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም አጠኑት። ገና «ወደ…» ስል እግራቸው ይነሳ ነበር። ከቆላ የሚመጣ ቡድን ቀድሞውንም ብርዱና ዳገቱ ትንፋሹን ወስዶበት ይደርሳል፤ እኛ ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ ላይኛውን ጎል ይዘን ቁልቁል እንወርድበታለን። ደባርቅ ላይ የረታን አልነበረም። ጉራዬ ልክ አጣ። ጫማ እንኳ የሚጠርግልኝ ልጅ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ለስንት ነው?» ሲለኝ ከጨዋታው በፊት ውጤቱን እነግረው ነበር።

ከልጆቹ መሐል ሰይድ የሚባል ነበረ፤ ሰይድ እንድሪስ። የጊች ልጅ ነው። ጊች ከደባርቅ በላይ፣ በእግርና በበቅሎ ብቻ የሚደረስባት፣ ብርዷ ከገብስ በቀር እህል የማይወድ መንደር ናት። እንደ ሌሎቹ የገጠር ተማሪዎች ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ እያመላለሰ ይማር ነበር። ቀጭን ነው፣ አንገቱ ረዘም ይላል፣ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ አይደናገጥም። መሐል ሜዳ አጫውተው ነበር። ሌሎቹ ኳሷን ሲያዩ እሱ ሰዉን ያያል። ይህ ግን በኋላ የገባኝ ነው፤ ያን ጊዜ የወደድሁለት ትእዛዜን ከሁሉ ቀድሞ መፈጸሙን ነበር።

አባቱ አያ እንድሪስ ልጃቸው ወደ ቤት እንዲመለስ ይፈልጉ ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም። ታላቅየው ወታደር ሆኖ ሄዶባቸዋል፣ ከሳቸው ሌላ ማረሻ የሚጨብጥ የለም። በግንቦት ግን ጎንደር ላይ የየአውራጃው ወጣቶች በኳስ ሊገጥሙ ሆነ፤ ከዚያ የሚመረጡት ልጆች ጎንደር ውስጥ ማደሪያና ቀለብ ተሰጥቷቸው ይማራሉ ተባለ። ሰይድ ይህን ለአባቱ ነገራቸው። እሳቸውም ቁርጡን ነገሩት።

«ሌላ ቀላቢ ካገኘህ ተማር። ካልመረጡህ ግን ክረምቱ ሳይገባ መጥተህ ማረሻህን ትጨብጣለህ።»

ሰይድ ይህን ሲነግረኝ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ «አታስብ፣ የተመረጥህ ያህል ቁጠረው» አልሁት። አፌን በቆረጠው!

ጎንደር ስንደርስ ሜዳው ዝርግ ነበር። ዝርግ ሜዳ አይቼ የማላውቅ አይደለሁም፤ እዚያው አይደል ያደግሁት። ልጆቼ ግን በሕይወታቸው ረግጠውት አያውቁም ነበር፤ ይህ ደግሞ ለአንዲት ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። አስማረ የሚባለው በረኛችን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ ወደኔ መጥቶ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«መምህር፣ ላይኛው ጎል የትኛው ነው?»

እኔ ሞኙ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። የመታናት ኳስ ሁሉ ወይ ጓደኛ ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ትሞታለች፣ ወይ ተመልካች መሐል ትገባለች። የለመዱት ልክ ወይ ለዳገት ነው ወይ ለቁልቁለት፤ ለዝርግ የሚሆን ልክ እግራቸው ውስጥ የለም። ነገሩ ሲጠፋብኝ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ። ጮህሁ። ሰይድ ኳሱን ይዞ መሐል ሜዳ ላይ ሳለ ባለ በሌለ ድምፄ «ሰይድ! ወደ ታች! ወደ ታች!» አልሁት።

ልጁ ቆመ። ወደ ቀኝ አየ። ወደ ግራ አየ። ቀጥሎ እግሩ ሥር ያለውን መሬት አየ። ታች ፈለገ፣ አጣው። ያን ጊዜ የተጋጣሚው አጥቂ ኳሱን ከእግሩ ላይ አንስቶ ሄደና አገባብን።

ተመልካቹ ነገሩን ለመያዝ ጊዜ አልፈጀበትም። አንዱ ከኋላዬ «ኧረ ጉድጓድ ቆፍሩላቸው፣ ታቹ ጠፍቷቸዋል!» ብሎ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ኳስ በያዝን ቁጥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ወደ ታች!» ይል ጀመር። አምስት ለዜሮ ተረታን። ጥላ ሥር የተቀመጡት መራጮች ሰይድን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

በጭነት መኪና ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀመጥን። ከዚያ ሰይድ ጋቢውን ከአፉ ገለጥ አድርጎ «መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው?» አለኝ። አይደለም አልሁት። እውነት ነበር፣ ግን ያመነኝ አልመሰለኝም። እንደዚያ ዕለት አዝኜ አላውቅም። ከዚያ መኪና ላይ ከነበሩት ልጆች አንዳንዶቹ በኋላ ብሔራዊ ውትድርና ሄደው ቀርተዋል፤ አስማረም አንዱ ነው። የሱን «ላይኛው ጎል የትኛው ነው?» ባስታወስሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ዓይኔ ውሃ ይሞላል። በሳምንቱ ሰይድ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ የመጻሕፍቱን ጥቅል ለጓደኞቹ ትቶ ወደ ጊች ወጣ።

ደባርቅ እኔን አልማረችኝም። ስሜ ቀርቶ «ወደ ታች» ሆንሁ። ባለ ሱቁ «ወደ ታች፣ እንዴት አደርህ?» ይላል። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ተነስቶ «ወደዚህ ነው ታቹ» ብሎ ወንበር ይስብልኛል። ርእሰ መምህራችን አቶ መኰንን እንኳ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ስብሰባ ላይ «ወደ ታች ወርደን እንወያይ» ካሉ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የዝውውር ማመልከቻ ጻፍሁ። እሳቸውም መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ሳይኖር አይቀርም።

በክረምቱ ወደ ጎንደር ስወርድ መኪናችን ዳባት ላይ ተበላሸ። ዳባት ውስጥ ጋሽ ፈንታ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ እኔ በተማርሁበት ማሠልጠኛ ከኔ ብዙ ዘመን ቀድመው የተማሩ፣ ጉልበታቸው በልጅነታቸው ኳስ ሲጫወቱ ተሰብሮ የሚያነክሱ። የወገራ አውራጃን ልጆች የሚያሠለጥኑ ስለሆኑ ተቀናቃኛችን ናቸው። ጎዳና ላይ አዩኝና «ኧረ ወደ ታች! ና እስቲ፣ ልጆቼን ተመልከትልኝ» አሉኝ። ስድቡንም ግብዣውንም አብሬ ተቀበልሁ።

ያን ቀን ያየሁት የሚያሠለጥን ሰው አይመስልም ነበር። ጋሽ ፈንታ ከልጆቹ ቀድመው መጥተው ሜዳውን እያነከሱ ይዞሩታል፤ ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ካፖርታቸው ኪስ ይከታሉ። ልጆቹ ሲመጡ ያንኑ ድንጋይ አውጥተው ጎል ይሠራሉ። ትናንት ሜዳውን በቁመቱ ከሆነ ዛሬ በአግድሙ፣ ነገ ደግሞ በሰያፍ። ሠልፍ የለም። አራት ለአራት ይከፍሏቸውና ይለቋቸዋል። ጉልበተኛውን ልጅ «አንተ ዛሬ በግራ እግርህ ብቻ» ይሉታል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ከኪሳቸው አንድ ጭብጥ ቆሎ አውጥተው አፋቸውን ይሞላሉ። በቃ። አይናገሩም። ልጅ ሲሳሳት ያያሉ፣ ይቆረጥማሉ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። አንዱ ልጅ የሚያስቀና ክፍተት ሲያመልጠው «ቀኙን! ቀኙን!» ብዬ ጮህሁ። ጋሽ ፈንታ ቆሏቸውን ውጠው ወደኔ ዞሩ።

«ምን ሆንህ?»

«ቀኙ ባዶ ነበር እኮ፣ ጋሼ። አላየውም።»

«እንዴት ይየው? አንተ አየህለት። አንተ ስትጮህ ልጁ ጆሮ ብቻ ይሆናል። ኳስ ደግሞ በዓይን ነው።»

«ታዲያ ካልነገርሁት በምን ያውቃል?»

«ሁለቴ ሦስቴ ይቀማል፣ በአራተኛው ቀና ይላል። እስከዚያ ታግሠህ ቆሎህን ብላ።» ከኪሳቸው ዘግነው ሰጡኝ። «እኔም እንዳንተ ጯሂ ነበርሁ። ጥርሴ ሥራ ሲፈታ ምላሴ ሥራ ያገኛል። መድኃኒቱ ይኸው ነው። ደግሞም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ሥልጠናው ሲያልቅ ልጆቹን ክብ አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ ዛሬ ማን ምን አሳየህ? እያንዳንዱ ልጅ ጓደኛው ያደረገውን አንድ ነገር ይናገራል። ስለ ራሱ ያወራ ልጅ በማግሥቱ ድንጋይ ለቃሚ ይሆናል። አንድ ደቃቃ ልጅ ተነስቶ «በሬ የሚያህለው ታደሰ በግራ እግሩ ሲመታ ከመምታቱ በፊት ትከሻው እንደሚዞር አየሁ» ሲል ሰማሁ። እኔ አላየሁም ነበር። ቀናሁባቸው። ወዲያው ሰይድ ትዝ አለኝ። ያ ሰዉን የሚያይ ልጅ በኔ እጅ ጆሮ ብቻ ሆኖ ነበር የቀረው።

ጋሽ ፈንታን መልአክ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ፣ ሲረቱ የሚያኮርፉ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው «ቡድኑ ከተረታ ቤት ውስጥ ድመቷም ድምፅ አታሰማም» እያሉ ይነግሩኝ ነበር። መጮህን እንጂ በሽንፈት ማኩረፍን አይደለም የተዉት።

ትምህርት ሲከፈት ፊሽካዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁ። ድንጋይ ለቃሚ ሆንሁ። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ልጆቹ ኳስ ይዘው ቆመው ያዩኛል፣ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። እኔም ቆሎዬን ይዤ አያቸዋለሁ። አንዱማ «መምህር፣ ጉሮሮዎን አሞዎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአውራጃው ካድሬ ሜዳ መጥቶ ሲያየን ደግሞ ፊቱ ተለወጠ።

«ጓድ መምህር፣ ሠልፉ የት አለ? ፊሽካውስ? ይህ ሥርዓተ አልበኝነት ነው!»

ያ ዘመን በእንዲህ ያለ ቃል የሚቀለድበት አልነበረም። አቶ መኰንን ግን ከኋላዬ ብቅ ብለው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ጓድ፣ ልጆቹ ያለ አዛዥ በራሳቸው እንዲነቁ ነው። ንቃት ነው የምናስተምራቸው» አሉት። ካድሬው ንቃት የምትለዋን ቃል ሲሰማ ረጋ አለ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ የኛን ሜዳ በምሳሌነት ጠቀሰው። አቶ መኰንንን በዚያች ቀን ይቅር አልኋቸው።

ልጆቹ ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመሩ። እኔ ዝም ስል እርስ በርስ በስም ይጠራራሉ። ጎሉን በየቀኑ ስለማዞረው ተዳፋቱ አንድ ቀን ቀኝ ነው፣ አንድ ቀን ግራ ነው፣ የሚሸመድዱት ነገር ጠፋ። ግን የመሐሉ ሰው የለም። ሰይድ የሚቆምበት ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ነው።

በጥር የመንፈቅ ዕረፍት ሲሆን ጊች ወጣሁ። መንገዱን የሚያውቅ ተማሪ ይዤ፣ በቅሎ ተከራይቼ፣ አዳራችንን መንገድ ላይ አድርገን በማግሥቱ ዓርብ ደረስን። ከአያ እንድሪስ ቤት በታች አውድማ አለ። የዓመቱ ገብስ ተወቅቶ ገብቷል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ ተደልድሎ፣ እንደ ገበታ ተዘርግቷል። ሰይድ እዚያ ላይ የጨርቅ ኳስ ይዞ ከታናሽ እህቱ ጋር ይቀባበል ነበር። እኔን ሲያይ ኳሱን በእግሩ አቁሞ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ እንዲህ አለ።

«መምህር፣ ዝርግ ላይ እኮ ኳስ የመቷትን ያህል ነው የምትሄደው! ወደ ላይም ወደ ታችም የለባትም።»

ከጎንደር ከተመለሰ ጀምሮ ማታ ማታ፣ ከእርሻ ሲገባ፣ ብቻውን ያንን ሲፈልግ ከርሟል። አውድማው እህል ሲይዝበት ቤት ውስጥ፣ እህል ሲነሳለት አውድማው ላይ። እንባዬ መጣና ወደ ተራራው ዞርሁ።

አያ እንድሪስ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝ። ሸበቶ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ሳልነግራቸው ያውቃሉ፤ ግን እንግዳ ሳይስተናገድ ነገር አይጀመርም። ክርስቲያን ስለሆንሁ እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ወተት አስመጡልኝ። ቀኑ ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ እሱንም አልችልም አልሁ። አያ እንድሪስ ከት ብለው ሳቁ።

«አዬ ልጄ! እንግዲህ ገብስ ቁሉለት። ሥጋውን አንተም ያንተን፣ እኛም የኛን እንበላለን። ገብስ ግን የሁላችን ነው።»

ትኩስ ቆሎ በሰፌድ መጣ። እየቆረጠምን ነገሩን አነሳሁ።

«አያ እንድሪስ፣ ሰይድን አንድ ጊዜ ይመልሱልኝ። እስከ ግንቦት ብቻ።»

«አንድ ጊዜ ሰጥቼህ ነበር እኮ።»

«አዎ። ያን ጊዜ የተሳሳተው ሰይድ አልነበረም። እኔ ነኝ። አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ስሜንም በሱ ነው የሚጠሩኝ።»

«ወደ ታች?» አሉኝ። ጊችም ደርሷል ለካ! ሰይድ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ።

አያ እንድሪስ አንድ ሁለት ጭብጥ ቆረጠሙ። ከዚያ «አውድማዬን ሲደበድብ ከረመ» አሉ። «መጀመሪያ ተቆጣሁት። በኋላ አየሁት፤ ቀን አርሶ ማታ ይህን የሚያደርግ ልጅ ቢከለክሉትም ልቡ አይመለስም። ልቡ የሌለ ልጅ ደግሞ ትልሙ ይጣመማል። ይሂድ። ግን ዘንድሮ ወሬ አልሰማም፣ ጎንደር ወርጄ በዓይኔ ነው የማየው። ካልመረጡት ይዤው እመለሳለሁ፣ አንተም ሁለተኛ ደጄ ላይ ስሙን አታነሳም። ተስማማን?»

ተስማማን። ስነሳ አንድ አቁማዳ ቆሎ አስያዙኝ፤ ለመንገድህ ነው አሉ።

ሰይድ እንደተመለሰ የመጀመሪያ ሥራችን አውድማ መለመን ሆነ። በደባርቅ ዳር ያሉ ገበሬዎች እህላቸውን ካስገቡ በኋላ፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ሦስት ለሦስት በዝርጉ ላይ ተጫወትን። ሰይድ ያገኘውን ልክ ለሁሉም አሳያቸው። እኔ ከመናገሬ በፊት እሱ ተናግሮ ይጨርስ ነበር፤ እኔም ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ጥርሴን አሠራለሁ። በሚያዝያ ጋሽ ፈንታ ልጆቻቸውን ይዘው ለወዳጅነት ጨዋታ መጡ፤ ረታናቸው። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ አኩርፈው መኪና ላይ ወጡ። ከመስኮቱ ግን አንገታቸውን አውጥተው «ያ መሐል ያለው ልጅ፣ አደራህን አፍህን ዝጋለት!» አሉኝ።

ግንቦት ደረሰ። ጎንደር፣ ያው ዝርግ ሜዳ፣ ያው ሕዝብ። ገና ስንገባ «ወደ ታቾች መጡ!» የሚል ጩኸት ተቀበለን። አያ እንድሪስ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከኔ ብዙም ሳይርቁ ቆመዋል። ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። እኔ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁና ከአቁማዳው የቀረውን ቆሎ ኪሴ ሞላሁ።

መጀመሪያ አገቡብን። ሕዝቡ «ወደ ታች!» አለ። ጎረስሁ። አቻ ሆንን። ደግሞ አገቡብን። ጎረስሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሰይድ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ያዘ፤ በትክክል አምና መሬቱን ያየባት ቦታ አካባቢ። ሁለት ተከላካይ መጡበት። በግራ በኩል ጓደኛው ብቻውን ቆሟል፣ ለኔ ፍንትው ብሎ ይታየኛል። «ልቀቅለት!» በለው አለኝ ምላሴ። ጥርሴን ነከስሁ። ሰይድ ኳሷ ላይ እግሩን ጫነ። ቆመ። ሕዝቡ ከሰማይ በታች ያለውን ስድብ ሁሉ ያወርዳል፣ እሱ ቆሟል። አምና የቆመው ትእዛዜን ፈልጎ ነበር፤ ዘንድሮ የቆመው ተከላካዮቹ እስኪጠጉ ነው። ሲጠጉ በመሐላቸው ቀዳዳ ተከፈተ። እኔ ያየሁት ግራው ወጥመድ ነበር፤ ሦስተኛ ተከላካይ እዚያ እየሮጠ ነው። ሰይድ በቀዳዳው ውስጥ፣ መሬት ለመሬት፣ የመታትን ያህል ብቻ የምትሄድ ኳስ አሳለፈ። አጥቂያችን ደረሰባት፤ ገባች።

ጮኼ ቢሆን ኖሮ ያች ጎል አትኖርም ነበር። ይህን እዚያው ድንጋዩ ላይ እንዳለሁ ነው ያወቅሁት።

ሁለት ለሁለት ተለያየን። መራጮቹ ጥላቸው ሥር አንገት ለአንገት ገጥመው ብዙ ተመካከሩ። አንደኛው ተነስቶ ስም ሊጠራ ሲል፣ ሰይድ ባይጠራ አፌ ምን እንደሚያመልጠው ስለማላውቅ፣ ኪሴ ውስጥ የቀረውን ቆሎ ጠራርጌ ጎረስሁ። አንድ ስም ተጠራ፤ የኛ አይደለም። ሌላም ተጠራ። አያ እንድሪስ ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ተመረኮዙ።

«ሰይድ እንድሪስ፣ ከስሜን አውራጃ!»

ልጆቹ ተሸከሙት። ያ ሲሰድበን የዋለ ሕዝብ አጨበጨበለት። እኔ ከድንጋዩ መነሳት አቃተኝ፤ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል፣ ጉንጬ በገብስ ተነፍቷል።

አያ እንድሪስ ሰዉን በዱላቸው እየከፈሉ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ግን እሳቸው እንባቸውን ለኔ የሚያሳዩ ሰው አይደሉም። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እንግዲህ አየሁ» አሉ። «ልጆቹ ሮጡ። ልጄም ሮጠ። ዳኛውም፣ ያ ጥቁር የለበሰው፣ ወላሂ ላቡ ጠብ እስኪል ሮጠ። አንተ ግን ከመጣህ ጀምሮ ካንድ ድንጋይ ላይ ሳትነሳ ገብሴን ስትቆረጥም ዋልህ። ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?»

አፌ ሙሉ ስለነበር መልስ አልሰጠኋቸውም።